የሚያስቀው ስህተት እና የሚጎዳው ስህተት፦ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች ሲዛቡ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1995 ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ 35,000 ያህል ቃላት ያሉት ረጅም ጽሑፍ አትሞ አወጣ። ጸሐፊው ከ1978 ጀምሮ በፖስታ በሚልካቸውና በየቦታው በሚያስቀምጣቸው ቦምቦች ሦስት ሰዎችን የገደለ፣ 23 ያቆሰለ፣ ማንነቱም ያልታወቀ ሰው ነበር። እንዲታተምለት የጠየቀው ራሱ ሲሆን፣ መርማሪዎቹም ምናልባት አጻጻፉን የሚያውቅ ሰው ይገኝ ይሆናል በሚል ተስፋ ኅትመቱን ደገፉት። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አንድ የታወቀ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ተገልብጦ ይገኛል። ሰው ሁሉ «ኬክህን ይዘህ ደግሞም ልትበላው አትችልም» የሚለውን እርሱ «ኬክህን በልተህ ደግሞም ልትይዘው አትችልም» ብሎ ጻፈው። የሁለቱም ሐሳብ አንድ ነው፤ እርስ በርስ የሚጣሉ ሁለት ጥቅሞች ባንድ ላይ አይገኙም ለማለት ነው።

ለብዙ አንባቢ ይህ ተራ የአጻጻፍ ግድፈት ነበር። የኤፍ ቢ አይ ባልደረባ የነበረው ጄምስ ፊትዝጄራልድ ግን የተጠርጣሪው ወንድም ካስረከባቸው የቆዩ ጽሑፎች ውስጥ ያንኑ የተገለበጠ ፈሊጥ አገኘ፤ ይህም ከሌሎች በርካታ የቋንቋ ምስስሎች ጋር ተደምሮ ጸሐፊው ቴድ ካዚንስኪ መሆኑን ለማመልከት ረዳ። ካዚንስኪ በኤፕሪል 3 ቀን 1996 ሞንታና ውስጥ ከሚኖርባት ጎጆ ተያዘ። የሚገርመው ግን ስህተት የተባለው አጻጻፍ ስህተት አለመሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆን ሄይዉድ እ.ኤ.አ. በ1546 ባሳተመው የምሳሌያዊ አነጋገሮች ስብስብ ውስጥ መብላት የሚቀድም ሲሆን፣ ነገሩን ላሰበበት ሰውም ትክክሉ ይኸው ነው፤ ኬክን ይዞ ቆይቶ መብላት ማንም የሚያደርገው ነገር ነው፣ የማይቻለው በልተው ከጨረሱ በኋላ መያዝ ነው። እንግዲህ የተገለበጠው ዛሬ ሰው ሁሉ የሚናገረው ነበር፤ ካዚንስኪ የተለየው የቀድሞውን በመጻፉ ነው።

በእንግሊዝኛ ፈሊጦች ላይ ስለሚፈጸሙ ስህተቶች በየጊዜው በሚወጡት ዝርዝሮች ውስጥ የሚጎድለው እንዲህ ያለው ታሪክ ነው። ዝርዝሮቹ «እንዲህ አትበል፣ እንዲህ በል» ይላሉ እንጂ ስህተቱ ከየት እንደ መጣ፣ ማንን እንደሚጎዳ፣ ትክክል የተባለውም ራሱ ስንት ጊዜ ተገለባብጦ እዚህ እንደ ደረሰ አይናገሩም። በፍቅር የከነፈ ሰው «ሄድ ኦቨር ሂልስ» ሆነ ይባላል፤ ቃል በቃል «ጭንቅላቱ ከተረከዙ በላይ» እንደ ማለት ሲሆን፣ ይህ ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ሁሉ የሚገኝበት ሁኔታ ነው። በመካከለኛው ዘመን ይባል የነበረው «ተረከዝ ከጭንቅላት በላይ» ነበር፣ መገልበጥን የሚያሳየውም እርሱ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቃላቱ ቦታ ተለዋወጡ፤ ዛሬ ይህ ስህተት ነው ብሎ የሚከራከር ሰው አላጋጠመኝም።

ፈሊጥ በቀላሉ የሚዛባው ከባሕርዩ የተነሣ ነው። ትርጉሙ ከቃላቱ ድምር ስለማይገኝ ተናጋሪው እንደ አንድ ቃል ጠቅልሎ ይይዘዋል፤ በመሆኑም በውስጡ ያሉት ቃላት ወይም የተነሣበት ሥራ ከሰዎች ኑሮ ከወጡ በኋላ እንኳ ፈሊጡ ብቻውን ይኖራል። «ፍሪ ሬይን» መስጠት የፈረስን ዛብ ለቆ እንደ ወደደ እንዲሄድ መተው ማለት ነበር። ፈረስ የማይጋልብ ትውልድ ግን ዛብ የሚለውን ቃል ስለማያውቀው በዚያው ድምፅ የሚጠራውንና ንግሥና የሚል ትርጉም ያለውን ሌላ ቃል ይጽፋል፤ ስለዚህም ልቅ የተተወው ፈረስ ሙሉ ሥልጣን የተሰጠው ንጉሥ ይሆናል። ሁለቱን ቃላት በእኛ ፊደል ብንጽፋቸው ልዩነታቸው ፈጽሞ ይጠፋል፣ ሁለቱም «ሬይን» ናቸው። ስህተቱ ለዓይን እንጂ ለጆሮ የለም፤ በንግግር ማንም ሊይዘው አይችልም፣ ሆሄያትን የሚያርም ሶፍትዌርም እያንዳንዱ ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ ስላለ ብዙውን ጊዜ ሳይነካው ያልፋል። «ቶው ዘ ላይን» የሚለውም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ትርጉም የእግርን ጣት ከተሰመረ መስመር ጫፍ አድርጎ መቆም፣ ማለትም ሥርዓት ማክበር ሲሆን፣ ብዙዎች ግን መጎተት የሚል ትርጉም ባለው ተመሳሳይ ድምፅ ይተኩትና አንድ ሰው ገመድ ሲጎትት ይታያቸዋል። «ዌት» በሚለው ቃል አምሮትን እንደ ቢላ «መሳል» የነበረውም በዚያው ድምፅ በሚጠራ ሌላ ቃል አምሮትን «ማርጠብ» ሆኗል፤ ይህኛው እንዲያውም ምራቅን ስለሚያስታውስ ከቀድሞው ይልቅ ለምግብ የቀረበ ይመስላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ስህተት ስም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የቋንቋ ሊቁ ማርክ ሊበርማን አንዲት ሴት «ኤኮርን» የተባለውን የኦክ ዛፍ ፍሬ «ኤግ ኮርን»፣ የእንቁላል እህል እንደ ማለት፣ ብላ መጻፏን አነሣ፤ ባልደረባው ጄፍሪ ፑለም ደግሞ የስህተቱ ዓይነት ራሱ «ኤግኮርን» ተብሎ ይጠራ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ስሙ ተለምዶ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቷል። የኤኮርን ፍሬ የእንቁላል ቅርጽ ስላለው ሴትዮዋ የማታውቀውን ቃል በምታውቃቸው ሁለት ቃላት መተርጎሟ ነበር። የበለጠ የሚያስደንቀው የትክክለኛው ቃል ታሪክ ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ ቃሉ ከኦክም ሆነ ከእህል ጋር የሥር ዝምድና አልነበረውም፤ ዘመዱ ሜዳ ወይም መስክ የሚል ትርጉም የነበረው ቃል ነው። ከዘመናት በኋላ ግን ሰዎች በውስጡ «ኦክ» እና «ኮርን» የሚሰሙ ስለመሰላቸው አጻጻፉን ወደዚያ አስጠጉት። የዛሬው ትክክለኛ ቃል የጥንት ኤግኮርን ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ነጥብ ላይ ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከጆርጅ ኦርዌል ጋር አልስማማም። ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1946 ስለ ፖለቲካና ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ በጻፈው የታወቀ መጣጥፍ «ቶው ዘ ላይን»ን በመጎተት ትርጉም የሚጽፉትን ለምሳሌ ጠርቶ፣ ይህ ጸሐፊው የሚጠቀምበትን ምስል በልቡ እንደማያየው ያሳያል ይላል። አክሎም በመዶሻና በመስፍ መካከል ስለሚደረገው ትግል የሚነገረውን ያነሣል፤ ሰዎች ሁልጊዜ የሚጎዳው መስፉ እንደ ሆነ አድርገው ይናገራሉ፣ በእውነተኛው ዓለም ግን የሚሰበረው መዶሻው ነው። የመስፉ ምሳሌ የሚያሳምን ነው። ዛቡን ወደ ንግሥና፣ የእግር ጣቱን ወደ ገመድ የሚለውጠው ሰው ግን ምስል ያጣ ሰው አይደለም፤ ትርጉም የሌለው ድምፅ ሲቀርብለት አሜን ብሎ አልተቀበለም፣ በራሱ ዓይን የሚታይ ሥዕል ፈልጎ አስገባበት። ትክክለኛውን ሆሄ ከመጽሐፍ ገልብጦ የሚጽፈው ሰው ምናልባት ምንም ሳይታየው ያልፍ ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው አንቀላፍቷል ብባል፣ መልሴ የኦርዌል አይሆንም።

ሁሉም ስህተት ግን ከእንዲህ ዓይነት ማሰብ የተወለደ አይደለም። «ፎር ኦል ኢንቴንትስ ኤንድ ፐርፐዝስ» በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከእንግሊዝ የሕግ ቋንቋ የወጣና «በማናቸውም ረገድ» የሚል ሐሳብ ያለው ሐረግ ሲሆን፣ «ፎር ኦል ኢንቴንሲቭ ፐርፐዝስ» ሲባል «ለብርቱ ዓላማዎች ሁሉ» የሚል ምንም ነገር የማይገልጽ ሐረግ ይሆናል። ጆሮ ያሳተው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሆኖም ሰምቶት ያልተረዳው ሰው የለም፤ ጉዳቱ ተናጋሪው ላይ ከመሳቅ አያልፍም።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ቀለም የፈሰሰበት «አይ ኩድንት ኬር ለስ» የሚለው ነው። ትርጉሙ «ከዚህ በታች ግድ ሊለኝ አይችልም»፣ ማለትም ነገሩ ጨርሶ አያሳስበኝም ነው። አሜሪካውያን ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ አሉታውን ጥለው «አይ ኩድ ኬር ለስ» ማለት ጀመሩ፤ ቃል በቃል ሲታይ «ከዚህ በታች ግድ ሊለኝ ይችላል» ይሆናልና ነቃፊዎች «እንግዲያው ጥቂት ግድ ይልሃላ!» እያሉ ያፌዛሉ። የሥነ ልቦናና የቋንቋ ሊቁ ስቲቨን ፒንከር አነጋገሩ ምፀት ነው፣ የድምፁ አወጣጥ ራሱ ያንን ይናገራል ሲል ተከራክሯል፤ ሌሎች ደግሞ ሐረጉ ከደነደነ በኋላ ቃላቱ አንድ በአንድ ስለማይመረመሩ አሉታው በልማድ ተራግፏል ይላሉ። ለእኔ ሁለተኛው የቀረበ ይመስለኛል። የትኛውም ቢሆን ግን አንድ እውነት አይለወጥም፦ የሚያፌዘው ሰው ለማፌዝ የቻለው የተናጋሪውን ሐሳብ በትክክል ስለ ተረዳ ነው። ሐሳብን ለማስተላለፍ በተሠራ መሣሪያ ላይ የሚቀርብ ወቀሳ ሐሳቡ መድረሱን አምኖ የሚጀምር ከሆነ፣ ወቀሳው ስለ ቋንቋ ሳይሆን ስለ ተናጋሪው ማዕረግ ነው።

ወደሚጎዳው ስህተት የምንመጣው በዚህ በኩል ነው፤ እርሱ አያስቅም። የሚያስቀው አንባቢ ሁሉ አንድ ዓይነት ትርጉም የሚሰጠው ነው፤ አደገኛው ግማሹ አንባቢ አንድ፣ ግማሹ ሌላ ተረድቶ ሁለቱም ምንም ሳይጠረጥሩ የሚያልፉት ነው። «ቤግ ዘ ኩዌስችን» የሚለው ፈሊጥ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። መነሻው የአርስቶትል የሥነ አመክንዮ ትምህርት ሲሆን፣ በክርክር ጊዜ ሊያረጋግጡት የሚገባውን ነገር አስቀድሞ እንደ ተረጋገጠ ቆጥሮ መነሣትን ያመለክታል፤ «ይህ ሰው እውነተኛ ነው፣ ምክንያቱም አይዋሽም» የሚል ሰው የጀመረበትን ነገር ደግሞ ከማለት በቀር ምንም አላስረዳም። የግሪኩ ሐረግ ወደ ላቲን፣ ላቲኑም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር «ጥያቄውን መለመን» የሚል እንግዳ መልክ ያዘ። ፍልስፍና ላልተማረ ሰው ይህ ምንም አይነግረውም፤ እርሱ የሚሰማው ነገሩ «ጠይቁኝ፣ ጠይቁኝ» እያለ ሲለምን ነው፣ ስለዚህም «ጥያቄ ያስነሣል» በሚል ትርጉም ይጠቀምበታል። ዛሬ በጋዜጣና በዜና የሚሰማው በአብዛኛው ይኸው አዲሱ ነው።

አዲሱን ትርጉም ማውገዝ ቀላል ነው፣ የቀድሞውን መተርጎሚያ ማወደስ ግን ከባድ ነው፤ ትርጉሙን ከቃላቱ ሊያወጣ የሚችል ሰው የለምና። ችግሩ ያለው ሁለቱ ጎን ለጎን በመኖራቸው ላይ ነው። አንድ የሕግ ባለሙያ የተቃራኒውን ወገን ክርክር «ጥያቄውን ይለምናል» ብሎ ቢጽፍ፣ አንዱ አንባቢ «ክርክሩ ባዶ ነው» ብሎ፣ ሌላው «ክርክሩ ተጨማሪ ጥያቄ ይጋብዛል» ብሎ ይረዳዋል፤ ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች በቦታው ስሜት ስለሚሰጡ አለመግባባቱ አይታወቅም። የአጠቃቀም መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ብራያን ጋርነር እንዲህ በሁለት ትርጉም መካከል የተያዙ ቃላትን ሽታዋ በሚያርቅ «ስካንክ» በተባለች የአሜሪካ እንስሳ ስም ሰይሟቸዋል፤ በቀድሞው ትርጉም ብትጠቀም ብዙኃኑ አይረዱህም፣ በአዲሱ ብትጠቀም አዋቂ ነን የሚሉት ይንቁሃል። ምክሩም በሽግግሩ ጊዜ ከሁለቱም መራቅ ነው። ተገቢ ምክር ነው፤ «ጥያቄ ያስነሣል» ለማለትም ሆነ «ማረጋገጥ ያለበትን አስቀድሞ ወስዶታል» ለማለት እንግሊዝኛ ግልጽ ቃላት አሉት።

ከዚህም የሚብሰው ማንም ያልተሳሳተበት አለመግባባት ነው። በብሪታንያ የስብሰባ ቋንቋ አንድን ጉዳይ «ቴብል» ማድረግ ለውይይት ማቅረብ ሲሆን፣ በአሜሪካ ግን ለጊዜው ማቆየት ነው፤ ትርጉሞቹ ተቃራኒ ናቸው። ዊንስተን ቸርችል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማስታወሻው እንደ ጻፈው፣ የብሪታንያ መኮንኖች አስቸኳይ ያሉትን ጽሑፍ «ቴብል» እናድርገው ሲሉ አሜሪካውያኑ ጉዳዩ እጅግ አስፈላጊ ስለሆነ በፍጹም «ቴብል» ሊደረግ አይገባም ብለው ተቃወሙ፤ ሁለቱም አንድ ነገር እንደሚፈልጉ እስኪገባቸው ድረስ ረጅም፣ መራራም ክርክር ተደረገ። ሁሉም የተናገሩት በየአገራቸው ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነበር።

አውሮፕላን ውስጥ ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 ቴኔሪፍ በተባለችው የስፔን ደሴት፣ በጭጋግ ውስጥ፣ ኬ ኤል ኤም የተባለው የሆላንድ አየር መንገድ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ለመቆጣጠሪያ ማማው ግድፈት ባለበት እንግሊዝኛ «አሁን በመነሣት ላይ ነን» የሚል ነገር ተናገረ። ተቆጣጣሪው የተረዳው አውሮፕላኑ መነሻ ቦታው ላይ ሆኖ እንደሚጠብቅ ነበር፤ አውሮፕላኑ ግን ሩጫውን ጀምሮ ነበርና ከሌላ ጃምቦ ጄት አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 583 ሰዎች አለቁ። ለአደጋው ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፣ የቃሉ አሻሚነት ግን ከእነርሱ አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ ልውውጥ መነሣትን የሚገልጸው ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተደርጓል፤ በሌላው ጊዜ ሁሉ የተለየ ቃል ይተካዋል። የበረራ ሰዎች ያደረጉት ነገር ለእኔ ትምህርት ነው፤ ማን ትክክል ተናገረ ብለው አልተሟገቱም፣ ሁለት ትርጉም የሚይዘውን ቃል ከሥራው አወጡት።

የሚያስቀው ስህተት ምንም ዋጋ አያስከፍልም ማለቴ አይደለም። የሥራ ማመልከቻ የሚያነብ ሰው የዛቡን ቦታ ንግሥና ይዞት ሲያይ ስለ ጸሐፊው አንድ ነገር ያስባል፤ ይህ ፍርድ ትክክል ይሁን አይሁን ውጤቱ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጁሊ ቦላንድና ሮቢን ክዊን 83 ሰዎች ደባል ለመሆን ከሚፈልጉ ሰዎች የመጡ አጫጭር ኢሜይሎችን አንብበው ጸሐፊዎቹን እንዲመዝኑ አድርገው ነበር። ስህተት ያለባቸው ኢሜይሎች ዝቅ ያለ ግምት አገኙ፤ ነገር ግን በተመሳሳይ ድምፅ ቃላት መደናገርን በመሰሉ ስህተቶች ይበልጥ የተከፉት በባሕርይ መለኪያ ላይ ከሰው ጋር በቀላሉ የማይግባቡ ሆነው የተገኙት ነበሩ። ስለዚህ በስህተቱ ምክንያት የሚሰጠው ፍርድ ከጸሐፊው ይልቅ ስለ ፈራጁ የሚናገርበት ጊዜ አለ።

የአራሚነት ፍቅር የራሱን ስህተትም ይወልዳል። «ደም ከውኃ ይወፍራል» የሚለው የእንግሊዝኛ አባባል ዝምድናን ከፍ አድርጎ የሚያሳይ ሲሆን፣ በኢንተርኔት ግን «ዋናው አባባል የቃል ኪዳን ደም ከማኅፀን ውኃ ይወፍራል የሚል ነበር፣ ትርጉሙም ተቃራኒ ነው» የሚል እርማት በሰፊው ይዘዋወራል። ለዚህ የሚቀርብ የጥንት ማስረጃ የለም። «ጉጉት ድመትን ገደላት» በሚለው ላይ «እርካታ ግን መለሳት» የሚለው ሲጨመርም ሙሉው ጥንታዊ አባባል ይህ ነው ይባላል፤ እንዲያውም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ድመቷን የሚገድላት ጉጉት ሳይሆን ጭንቀት ነበር፣ ቅጥያውም የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የተሳሳተ ሰው አንድ ቃል ያዛባል፤ በስህተት የሚያርም ግን ታሪክ ፈጥሮ ያስተምራል፣ የሚያምነውም ይበዛል።

እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለሚጠቀም አንባቢ ደግሞ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል፤ በዓለም ላይ ከአፍ መፍቻ ተናጋሪዎቹ ይልቅ የሚበዛውም ይኸው ወገን ነው። የቪየና ዩኒቨርሲቲዋ ባርባራ ሳይድልሆፈር እንዲህ ባሉ ተናጋሪዎች መካከል የሚደረገውን ንግግር መዝግባ ስታጠና፣ መግባባትን ከሚያደናቅፉት ነገሮች አንዱ አንዱ ወገን የሚያውቀውን ፈሊጥ በትክክል ሲጠቀም ሌላው ፈጽሞ ሳያውቀው መቅረቱ መሆኑን አስተውላለች፤ የሰዋስው ግድፈት ግን ብዙውን ጊዜ ሳያሰናክል ያልፋል። ማሪ-ሉዊዝ ፒትስል የተባለች ሌላ ተመራማሪ ደግሞ በአንድ ስብሰባ ላይ «ምንም ዓይነት ውሾች መቀስቀስ የለብንም» ብሎ የተናገረ ሰው ቃል ላይ ጽፋለች። እንግሊዛዊው «የተኙ ውሾች ይተኙ» ይላል፤ የዚህኛው አነጋገር በየትኛውም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አይገኝም፣ ግን ውሻ ከተቀሰቀሰ ምን እንደሚከተል የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይረዳዋል።

እኔ ራሴ «ሆም ኢን ኦን» ማለት የሚገባኝን «ሆን ኢን ኦን» እያልሁ ለዓመታት ጽፌያለሁ፤ የመጀመሪያው እንደ መልእክተኛ ርግብ ወደ ዒላማ ማምራት፣ ሁለተኛው እንደ ቢላ መሳል ነው። ሜሪያም-ዌብስተር የተባለው የአሜሪካ መዝገበ ቃላት ሁለተኛውንም መዝግቦታል፣ እኔ ግን አሁን የምጽፈው የመጀመሪያውን ነው፣ ምክንያቱም የሚነቅፈው የለምና ምንም አያስከፍለኝም። የሌላ ሰው ጽሑፍ ለማረም ስቀመጥ ግን ብዕሬን የማነሣው በሌላ ቅደም ተከተል ነው። ዛቡ ንግሥና ሆኖ ባገኘው በጎኑ ትንሽ ምልክት አድርጌ አልፋለሁ፤ ለንደንና ኒው ዮርክ በሚነበብ ቃለ ጉባኤ ላይ «ጉዳዩ ቴብል ተደርጓል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይ ግን፣ ሆሄውም ሰዋስዉም እንከን ባይኖረውም፣ ጸሐፊውን ጠርቼ «ቀረበ ወይስ ቆየ?» ብዬ እጠይቃለሁ።